የአክስቴ የጠዋት ስልክ

አክስቴ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ስልክ ትደውልና ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች ጥሪውን ትቆጥራለች። ከፋብሪካው ቃጠሎ ለተረፉ ሰዎች በተቋቋመው የመንግሥት ሕክምና ፕሮግራም አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝጋቢ ነበረች። ሳላቸውን ሰምታ ማን እንደደወለ ታውቅ ነበር። አምና መንግሥት ሥራውን ለአንድ የግል ድርጅት በኮንትራት ሲሰጥ እሷን በጡረታ አሰናበታት።

አሁን የምትደውለው ለድርጅቱ ነው። ቶሎ ማንሳታቸውን ካረጋገጠች ምንም ሳትናገር ትዘጋለች።

«አክስቴ፣ አይሰለችሽም እንዴ?» አልኳት።

«ሰዎቼን ሜዳ ላይ ጥለዋቸው እንደሆነስ? ከአሥር ጥሪ በላይ ያስጠብቁና ያዩኛል! ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ እስክሪብቶዬ አይደለም።»

ስለ እሷ ልጽፍ ስጠይቃት ሁሉንም ፈቀደችልኝ፤ «የማክሰኞዋን ብቻ ተይልኝ» አለች።

ባለፈው ማክሰኞ በሦስተኛው ጥሪ አንዲት ልጅ አነሳች። በየጠዋቱ ከሚደውለው ቁጥሯ ለይታት ኖሮ፣ «ደህና አደሩ እናቴ? ዛሬስ እንዴት ነዎት?» አለቻት። አክስቴ ልትዘጋ ነበር፤ አልዘጋችም። አንድ በሽተኛ መስመሩ እስኪለቀቅ እየጠበቀ እንደሚሆን እያወቀች፣ ስለ ጉልበቷ ሕመምና ሰው ስለማይመጣበት ቤቷ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወራቻት።