ቀጥ ብዬ በመራመዴ ያጣሁት ሥራ

ያን ዕለት ጠዋት ለሥራ ፈተና ስቀርብ የሠራሁት ጥፋት አንድ ብቻ ነው... ቀጥ ብዬ መራመዴ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰፈራችን ሃያ ሁለት ማዞሪያ። በልጅነቴ ልምሻ ቀኝ እግሬን መትቶኝ ከጉልበቴ በታች ከሸንበቆ ቀጥኗል። የምሄደው በብረት ድጋፍና ሶሉ በወፈረ ጫማ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ደጅ ያልጠናሁበት መሥሪያ ቤት የለም። የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «ሥራው መሯሯጥ አለበት።» የመዝገብ ቤት ሥራ ምን እንደሚያሯሩጥ እስካሁን አልገባኝም።

ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ላይ መመሪያ ተነበበ። ድኩማን (ያኔ አካል ጉዳተኛ አንባልም፣ ድኩም ነው ስማችን) ከማንኛውም ዜጋ እኩል የመሥራት መብት እንዳለን ተገለጸ። ተጨበጨበ። እኩልነታችንን ለማረጋገጥም በቦሌ በኩል ባለ አንድ የመንግሥት መጋዘን፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ አንድ ቦታ ተፈቀደልን። አንድ! አሁንም ተጨበጨበ።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ አለቀሰች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔንና ሦስት ታናናሾቼን የምታኖረን የሰው ልብስ እያጠበች ነበር።

«ሰው ፊት ስትቀርብ እንዳታነክስ» አለችኝ። «ቀጥ በል። ይችላል ይበሉህ።»

ሳምንቱን ሙሉ ከግቢያችን በር እስከ ቧንቧው እየተመላለስኩ መራመድ ተለማመድኩ። እሷ ከልብስ ማጠቢያው ቀና እያለች «ትከሻህን! ትከሻህን!» ትለኛለች። በመጨረሻ ብረቱ ቆዳዬን ልጦት ነበር፤ ላየኝ ሰው ግን ወታደር ነው የምመስለው።

የፈተናው ቀን ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ታፈሰ! የቀበሌያችን ሊቀመንበር የሚስት ወንድም... የሰፈራችን ኳስ ቡድን የቀኝ ክንፍ ተጫዋች። ባለፈው እሑድ ሁለት ጎል ሲያገባ አጨብጭቤለታለሁ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት ደንግጬ።

«ተወኝ እባክህ... እግሬን ነው» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ።

ኳስ ላይ ተጎድቶ መስሎኝ አዘንኩለት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው። ስሙ ሲጠራ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ገባ። ሲወጣ ደግሞ ግራውን እየጎተተ ወጣ። ሦስቱ ፈታኝ ጓዶች ከንፈር ሲመጥጡ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። የአጎቴን ኮት ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ስድስት እርምጃ... አንዷም አልተዛነፈችም። በሕይወቴ እንደዚያ ተራምጄ አላውቅም። ኮራሁ!

መሐል የተቀመጠው ጓድ ግን በእኔ አሻግሮ በሩን ያያል።

«ድኩሙስ?»

«እኔ ነኝ ጓድ።»

«አንተማ ጤነኛ ነህ!»

ጎንበስ ብዬ ሱሪዬን ልሰበስብ ስል እጁን አነሳ።

«እግር አናይም፤ ሐኪሞች አይደለንም። ቅጹ የሚጠይቀው አረማመድ ነው። አረማመድህን ደግሞ አይተን ሞልተነዋል።»

አንገቴን አስግጌ አየሁት። በቀይ እስክሪብቶ «የተስተካከለ» ይላል። ሦስቱም ፈርመውበታል።

«ወጥቼ እንደገና ልግባ?» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

«ይሄ ቲያትር ቤት መሰለህ?»

«የትምህርት ውጤቴን እንኳ አላያችሁትም...» አልኩ።

«ውጤት ያለው ጤነኛ ሞልቷል።»

ስዞር እግሬ ከዳኝ። ሳምንት ሙሉ ያሠቃየሁት ጉልበቴ እጥፍ አለ፤ ግድግዳ ይዤ እያነከስኩ ወደ በሩ ስሄድ ከኋላዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«አየኸው? አሁን ደግሞ ሊያታልለን!»

ወይ ነዶ! ለእናቴ «ቦታው ሞላ» ብቻ አልኳት። ቀጥ በል ያለችኝ እሷ ናት፤ እውነቱን በምን አንጀቴ እነግራታለሁ?

ወር አልሞላም። አንድ ጠዋት ሌላ ደጅ ልጠና ወደ ቦሌ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያን ሰሞን ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ «ለድኩማን ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ታፈሰ ተቀምጦበታል... አዲስ ካፖርት ለብሶ፣ እግሩን ዘርግቶ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

በጣቱ ጠቀሰኝና ጆሮዬ ስር ገባ። «ወንድሜ፣ በናትህ አትቀየመኝ። ልነሳልህ ነበር... ግን ከኋላ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች አሉ። ከተነሳሁልህ እንጀራዬ ተዘጋ።»

በቡጢ ልለው አሰኝቶኝ ነበር። ግን የአውቶቡሱን ብረት በሁለት እጄ ካልያዝኩ የምወድቀው እኔ ነኝ።

የመጋዘኑ ፌርማታ ሲደርስ እያነከሰ ተነሳ። አሁንስ ለምዶታል፣ በአንዱ እግር ጸንቷል። ከጎኔ የቆሙ አንዲት እናት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ደግፈህ አታወርደውም? አንጀት የለህም እንዴ!»

ትኬት ቆራጩም ተቀበላቸው፦ «ወጣት አይደለህ? ምን ይገትርሃል!»

አውቶቡሱ በሙሉ አፈጠጠብኝ። እውነቱን መናገር ይቻል ነበር... ግን በዚያ ዘመን የሊቀመንበርን የሚስት ወንድም ሕዝብ ፊት አስመሳይ ማለት ከአንድ እግር በላይ ያስከፍላል። በአንድ እጄ በሩን፣ በሌላው ክንዱን ይዤ ቀስ አድርጌ አወረድኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ታፈሰ ጮክ ብሎ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንዲሰሙት።

እናትየዋም መረቁኝ። «ተባረክ የኔ ልጅ! ጤናህን አይንሳህ!»

«አሜን» አልኩ። ጤናዬማ በሦስት ጓዶች ፊርማ የተረጋገጠ ነው።