ደም የማይችለው ረዳት

ስሜ ይግዛው ነው። ደባርቅ ገበያ አጠገብ ባለው የእትዬ ነሲባ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ነኝ። ከደረስጌ የመጣሁት ገና ጢም ሳላበቅል ነበር፤ አሁን ትከሻዬ ብቻውን በር ይዘጋል። አንድ ኩንታል ስንዴ ከጋሪ አንስቼ ሚዛን ላይ ሳስቀምጥ ያየ ሰው በፍርሃት አይጠረጥረኝም። እኔም አልናገርም። እውነቱ ግን የደም ጠብታ ማየት አልችልም። በበዓል በግ ሲታረድ ሁልጊዜ ጨው ማለቁ ትዝ ይለኝና ወደ ሱቅ እሮጣለሁ። ጎረቤቶቼ የእኔን ቤት ጨው እንደማይበረክትበት ቤት ነው የሚያውቁት።

ባለፈው ዓመት አቶ ሚናስ የሚባሉ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መጡ። ወፍጮውን ዞረው አዩና ወፍጮውን ለሚያዞረው የሞተር ቀበቶ፣ ለቺንጋው፣ መከለያ እንዲሠራ አዘዙ። ከዚያ እትዬ ነሲባን፦

«ሠራተኛ ቢጎዳብዎ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠየቋት።

«አላህ ይጠብቀን እላለሁ።»

«እሱስ ደግ ነው። ሕጉ ግን ይጨምራል። አሠሪ ለተጎዳው ሠራተኛ በጊዜው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት አለበት። በሚመች ማጓጓዣ ቅርብ ወዳለ ሕክምና ማድረስ አለበት። አደጋውንም ለሚመለከተው ቢሮ ማስታወቅ አለበት። የእርዳታ ሳጥንዎ የት አለ?»

እትዬ ነሲባ የብስኩት ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አወረደች። ውስጡ ክር፣ የተረፈ ሻማና አንድ ፕላስተር ነበር።

«ሳጥን ይገዛል» አሉ አቶ ሚናስ። «እርዳታ የሚሰጠው ሰውስ ማን ነው? መሠልጠን አለበት።»

ዙሪያዋን አየች። እኔ ጆንያ እንደተሸከምሁ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ይኸው፣ ይግዛው።»

«ለምን እሱን መረጡ?»

«ሌሎቹ ሥራ ላይ ናቸው።»

ያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እህል የምታበጥረው ማንጠግቦሽ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ዶክተር ልንልህ ነው እንግዲህ» አለች። ከዚህ በኋላ እምቢ የሚል ወንድ ካለ እኔ አይደለሁም።

ሥልጠናው ዳባት ነበር። አስተማሪያችን እየሩስ የምትባል ነርስ ነበረች። የምንለማመደው በአሻንጉሊት ነው፤ አሻንጉሊት ደግሞ አይደማም። ስለዚህ ከሠልጣኞቹ የሚስተካከለኝ አልተገኘም። እየሩስ ፋሻ አጠቀላለሌን ለሌሎቹ ምሳሌ አድርጋ አሳየች። በሚኒባስ ስመለስ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት ሰውዬ ትንሽ ቢታመሙልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ነጩን ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰቀልሁና የሚታከም ፍለጋ ጀመርሁ። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰውን፣ እንግዳው የሚባለውን ሠራተኛ ዱቄት ሲያስነጥሰው ፋሻ ይዤ እደርሳለሁ። አንዲት ባልቴት ወገቤን አመመኝ ቢሉኝ እንደ ሕፃን ጠቅልዬ ላክኋቸው። እትዬ ነሲባ ፋሻው ሳያልቅ ሥራዬን እንድሠራ አስጠነቀቀችኝ።

አንድ ጠዋት እንግዳው ሞተሩን አጥፍቶ የወፍጮውን ድንጋይ ይወቅር ነበር። ድንጋዩ ሲዶለዱም እየተመታ ካልተሳለ አይፈጭም። መውቀሪያው አዳልጦት ከአውራ ጣቱ ሥር መዳፉን ሰነጠቀው፤ እሱም ጠራኝ።

ሳጥኑን ይዤ ሮጥሁ። ጓንት አጠለቅሁ። እስከዚህ ድረስ እየሩስ ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር። ከዚያ እጁን አየሁ።

የቀረውን የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው። እንደ ተበሳ ጆንያ ቀስ ብዬ ረገብሁና ግንባሬ ሚዛኑ ጠርዝ ላይ አረፈ። እንግዳው ከእጄ ፋሻውን ወስዶ በጥርሱ እየሳበ ቁስሉን ራሱ አሠረ። እትዬ ነሲባ ባጃጅ አስቆመች። እኔን ለማንሳት ከገበያ ሰው መጠራት ነበረበት። የኋላውን መቀመጫ እኔ ስለያዝሁት የተጎዳው ሰውዬ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቆ ሄደ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ዓይኔን ገለጥሁ። «የተጎዳው የትኛው ነው?» ሲሉ ሐኪሞቹን ሰማሁ።

«ያኛው ተጎድቷል» አለች እትዬ ነሲባ። «ይኸኛው ረዳቱ ነው።»

ሁለታችንም ተሰፋን። እሷም በሕጉ መሠረት ለአቶ ሚናስ ደውላ ሁለት አደጋ መድረሱን አስታወቀች። እሳቸው በስልክ የሁለተኛውን አደጋ ምክንያት ጠየቋት። «የመጀመሪያውን ማየት ነው» ብላ መለሰች።

በማግስቱ ሌላ ሰው እንድትፈልግ ለመንኋት። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ለእየሩስ ደወለችና ሰጠችኝ። እየሩስ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል። ለምን አልነገርኸኝም?»

«የጠየቀኝ የለማ።»

«በል ስማኝ። ከማየትህ በፊት ተቀመጥ። እንዳትወድቅ የጭንህንና የሆድህን ጡንቻ አጥብቅ፣ ልቀቅ፣ መልሰህ አጥብቅ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነህ ተጫነው። ከሸፈንኸው በኋላ የምታየው ጨርቅ ነው።»

ትንሽ ጊዜ ካለፈ በኋላ ማንጠግቦሽን የቆርቆሮ መስፈሪያው ጠርዝ ክንዷን ቆረጣት። እኔ ጆንያ ጎትቼ ተቀመጥሁ። እሷ ክንዷን ይዛ ቆማ ታየኛለች።

«እኔ ደምቼ አንተ ታርፋለህ?»

«አንቺም ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ጨርቁን ጭኜ ክንዷን ከፍ አደረግሁ። ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ ጭኔን አጠብቃለሁ፣ እለቃለሁ። ላቡ ከግንባሬ እሷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ለምን ትንቀጠቀጣለህ?»

«በርዶኝ ነው።»

«በርዶህ ነው የሚያልብህ?»

ጨርቁን ይበልጥ ተጫንሁት። ደሙ ሲገታ በፋሻ አሠርሁት። ወደ ባጃጁም ሁለታችን በየእግራችን ሄድን። ጤና ጣቢያ የሰፋት ሰውዬ አስተሳሰሩን አመሰገነ። እኔ ውጭ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ መርፌው ሲወጣ ንጹሕ አየር አስፈልጎኝ ነበር።

አቶ ሚናስ በድጋሚ ሲመጡ የቺንጋውን መከለያ አዩ፣ ሳጥኑን ከፍተው አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

«ሁለተኛ ረዳት ይሠልጥን» አሉ።

«ለሠራተኞቹ ነው ወይስ ለእሱ?» አለች እትዬ ነሲባ።

«ለሁለቱም።»

ማንጠግቦሽ ዳባት ሄዳ ሠለጠነች። እሷ ደም ብታይ እንደ ሽሮ ነው የምታየው። አሁን አንድ ነገር ሲደርስ ቀድማ ትገባለች፤ እኔ ሳጥን አቀብላለሁ፣ ባጃጅ አስቆማለሁ፣ መራመድ ያቃተውን እሸከማለሁ። በመሸከሙ እስካሁን ቅሬታ አልቀረበብኝም።

ባለፈው ሳምንት ገዱ የሚባለው አዲሱ ተሸካሚ የባቄላ ጆንያ እግሩ ላይ ጣለ። ማንጠግቦሽ ጫማውን አውልቃ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

«አብጧል እንጂ አልደማም። ና፣ ይኸኛው የአንተ ነው።»

ሄድሁ። ለማንኛውም ተቀመጥሁ።