ለእማዬ የተቀመጠችው ጋዝ

ወንድሜ መኪና ሲገዛ ሰፈሩ በሙሉ መርቆታል። ያ ምርቃት ትዝ ሲለኝ አሁን ይመረኛል።

ለዓመታት የሰው መኪና ነድቷል። ማታ ቁልፉን ለባለቤቱ ያስረክብና ከፌርማታው እስከ ቤታችን ዳገቱን በእግሩ ይወጣዋል። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና እንጂ ስለ ሌላ አያወራም ነበር። ዕቁቡ ሲወጣለት አንድ ደላላ ከዓረብ አገር የመጣች ነጭ መኪና አሳየው። ከመሬት ከፍ ያለች፣ ውስጧ ሰፊ። እኔም አብሬው ነበርኩ።

«ቤንዚን አትል፣ ናፍጣ አትል» አለ ደላላው። «ጭስ የሚባል ነገር የላትም። ከኋላዋ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

ወንድሜ የጎኗን ክዳን ከፈተ። ቻርጅ የሚሰካበት ነው ባልነው ቦታ ላይ አንድ ክብ ብረት ብቻ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሶኬት ነው?»

«አዳፕተር ይኖረዋላ! አዳፕተር የማይፈልግ መኪና የት አለ?»

እውነት መሰለን። የሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪኖች ሶኬታቸው ለየቅል ነው፤ አዳፕተር ሳይዝ ከቤቱ የሚወጣ የለም። ሌላ አገር ያለ ሰው ያንን ብረት አይቶ ይሸሽ ይሆናል። እኛ ገዛናትና አዳፕተር ፍለጋ ሄድን።

ውስጧ በቀረው ጋዝ ነው ቤት የገባችው። ያኔ ግን ጋዝ መሆኑን አላወቅንም። እማዬ ጸበል ረጨቻት። ወንድሜ ጎረቤቶቹን እያሳፈረ እስከ ቀራንዮ አደባባይ ሲያመላልስ ዋለ። ያን ቀን ባባከነው ጋዝ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተቆጨ።

አዳፕተሩ ሲጠፋ የኤሌክትሪክ መኪና ወደሚጠግን መካኒክ ወሰድናት፤ ልጅ እግር ነው። ክዳኑን ከፍቶ ክቡን ብረት በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ብሮ፣ ይቺ ቻርጅ አትደረግም። ሃይድሮጂን ነው የሚሞላባት። ኤሌክትሪኩን ከጋዙ ራሷ ናት የምትሠራው።»

«እሺ፣ ሃይድሮጂኑ የት ይሞላል?»

ልጁ ሳቀ። የወንድሜን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

«እዚህ አገር የሚሞላ ሰው አላውቅም።»

ሃይድሮጂንን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ። ደላላው ስለ ውሃው ሲያወራ ግን ትዝም አላለኝ። ብቻ... ትዝ ቢለኝስ ማን ይሰማኝ ነበር?

ደላላው ስልክ ሲደወልለት ተቆጣ። «ቤንዚን ትጠጣለች አልኩህ? ጭስ አላት አልኩህ? አዳፕተሩን እንደሆነ እኔም ይኖራል ብዬ ነው!»

ሰፈር ውስጥ ቀልድ ሆነች። «ምነው፣ መኪናህ ሽንቷን ጨረሰች እንዴ?» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን እራት አይበላም።

ጋዙ ጨርሶ አላለቀም፤ ጥቂት ቀርቷል። ወንድሜ ሸራ አለበሳትና ማንም እንዳያስነሳት ከለከለ።

«ይቺ የቀረችው የእማዬ ናት» አለን። «መድኃኔዓለም ሲነግሥ በሩ ድረስ አደርሳታለሁ። አንድ ቀን እንኳ በልጇ መኪና ትሂድ።»

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው ዳገት ሦስቴ ሳያስቀምጣት አያልፍም።

በዓሉ ሳይደርስ ታመመ። አንድ ጠዋት መተንፈስ አቃተው። ቁልፉን ሳነሳ አየኝ።

«አስቀምጣት» አለ። «የእማዬ ናት።»

በዚያ ትንፋሽ የተናገረው ይህንን ነው። ለታክሲ ደወልን፤ ታክሲው ቆየ። ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም።

ድንኳን ውስጥ «ተጽናኑ፣ ንብረት ትቶላችሁ ነው የሄደው» የሚሉ ነበሩ። ሸራ ለብሳ የቆመችውን እያዩ። ደላላውም መጣ። ንፍሮውን ዘገነ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ፣ ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ለወንበሯና ለመብራቷ የሚፈልጋት ሰው አለ። ቆማ ከምትበሰብስ ብዬ ነው፣ ወንድሜ።»

ወንድሜ አለኝ። ልመታው ነበር። አልመታሁትም። «ከአርባው በኋላ» አልኩት።

የአርባው ዕለት ጠዋት እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መኪናዋ አጠገብ ቆመች።

«በእሷ ውሰደኝ። ለእኔ ያለውን ነገር ማንም አይወስድብኝም።»

ሸራውን ገፈፍኩ። ባትሪዋ ሞቶ ስለነበር ከጎረቤት መኪና ላይ በኬብል አስነሳናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በቅርብ ነው። እማዬ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጠች። መኪናዋ ድምፅ የላትም። አስፋልቱን ጨርሰን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ታጠፍን። ቅጽሩ ታየን። እማዬ ማማተብ ጀመረች።

መኪናዋ ዳገቱ መሐል ላይ ቀጥ አለች።

ሊያስቀድሱ የሚወጡ ሰዎች እየሮጡ መጥተው ወደ ዳር ገፉልን። «ነዳጅ ጨርሳ ነው?» አለ አንዱ።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ! ጀሪካን ካላችሁ ከማደያ ላምጣላችሁ።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ መለስኩት። እማዬ በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች። ክንዴን ያዘች። ከኋላዋ፣ ከማርሚታው የሚንጠባጠበውን ውሃ ትንሽ አየችው።

«እሱ ቢሆን በሩ ድረስ ያደርሰኝ ነበር» አለች።

አያደርስሽም ነበር፣ ጋዙ ያው ነው ልላት ብዬ ተውኩት። ቀሪውን ዳገት በእግራችን ወጣነው። ሁለት ጊዜ ተቀመጠች።

እሷ ስታስቀድስ ወርጄ ለደላላው ደወልኩ።

«ቤት እንዳትመጣ። ዳገቱ ላይ ቆማለች፤ ጭነህ ውሰዳት።»

«ቁልፉስ?»

«ላይዋ ላይ ነው።»

እማዬ ከቅዳሴ ወጥታ ቁልቁል እያየች ስትመጣ የጭነት መኪናው ገና አልደረሰም ነበር።

«ትነሳለች?»

«አትነሳም፣ እማዬ።»

የመኪናዋን ኮፈን በመዳፏ አንዴ ዳበሰችው።

«እንግዲያው ባጃጅ ጥራልኝ» አለች።