የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሥጋ

ሐኪሙ ብልቃጡን በእጄ ሲሰጠኝ፣ «እማማ፣ ባሕር ዳር ይዘውት ይሂዱ። እዚህ ማርቆስ የሚመረምረው ባለሙያ የለንም። እንዳይፈስ፤ እንዳይከፈትም» አለኝ። ብልቃጡ ትንሽ ነው፤ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ውስጡ ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርግ፣ አፍንጫ የሚወጋ ፈሳሽ አለ። በፈሳሹ ውስጥ ከባለቤቴ አንገት የተቆረጠች፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሥጋ ተኝታለች።

እብጠቱ ከወጣ አራት ወር ሆኖት ነበር። ባለቤቴ የዜማ መምህር ናቸው። «ብረት የነካው እብጠት አይድንም» ብለው ሐኪም ቤት አልሄድም ሲሉ ከረሙ። ናሙናዋን እንኳ ያስቆረጡት ልጃችን ስላለቀሰች ነው። እኔ አላለቀስኩም። ነገሩ ካንሰር ከሆነ አንገታቸው በሰፊው እንደሚቀደድ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ያን ጊዜ እሺ እንደማይሉም አውቅ ነበር።

እራት ላይ ባለቤቴ፣ «ይህችን ቁራሽ አይተው ምን ሊያውቁ ነው?» አሉኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን የሽንኩርት ስስ ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አሳይተውን ነበር። ማይክሮስኮፑ አንድ ስለነበር ተሰልፈን ተራ በተራ አየን። እንደ ጡብ የተደረደረ ነገር ነው፤ በያንዳንዱ ጡብ ውስጥ አንዳንድ ነጥብ አለ። ያንን ነገርኳቸው። ሕይወት ያለው ሁሉ ከእንዲህ ያለ ህዋስ የተሠራ ነው፤ ነጥቧ ኒውክለስ ትባላለች፣ የህዋሱን ሥራ የምታዝ እሷ ናት፤ አንድ ዓይነት ህዋሳት ሲያብሩ ሕብረ ህዋስ፣ ልዩ ልዩ ሕብረ ህዋሳት ሲጣመሩ ደግሞ እንደ ልብና ሳንባ ያለ የአካል ክፍል ይሆናሉ አልኳቸው።

«እኔና ሽንኩርት አንድ ነን ማለት ነው?»

«የሽንኩርት ህዋስ ጠንካራ ግድግዳ አለው። የሰው ግን ስስ ሽፋን ብቻ ነው ያለው።»

«ለዚህ ነዋ እሱ ሌላውን የሚያስለቅስ፣ እኛ ራሳችን የምናለቅስ።»

እንጀራ ቆረሱና፣ «ክፉው በሽታ ሲሆንስ?» አሉ።

«ህዋሱ ሥርዓቱን ይተዋል። መቆም ሲገባው ይባዛል።»

«ማኅሌት ላይም ተራውን ሳይጠብቅ ዜማ የሚያነሣ አለ። እሱን ተከትሎ አጠገቡ ያለው ይሳሳታል» አሉ። አንገታቸውን ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን መለሱ።

ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ብልቃጡን ሳይ ፕላስተሩ ጠምሟል። በመስኮቱ በኩል ጠየቅኋቸው።

«ከፍተውታል?»

«ጠብታ ጸበል ነው። መንገደኛ እንዲሁ አይሸኝም።»

«ሐኪሙ አይከፈት ብሎ ነበር እኮ።»

«ስለ ጸበል መች አነሣ?»

ሚኒባሱ ተነሣ። ብልቃጡን በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው፣ እናቴ?» ስትለኝ፣ መድኃኒት ነው አልኳት። ደምበጫን፣ ቡሬን ስናልፍ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ብናገር፣ ናሙናው ተበላሽቷል፣ እንደገና ይቆረጥ ይሉኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ አንገታቸውን ሁለተኛ አይሰጡም። ዝም ብል፣ የተበላሸ ሥጋ አይተው የተሳሳተ ነገር ይነግሩናል።

ተናገርኩ። የባሕር ዳሩ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ገና ወጣት ነው። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው።

«ምን ያህል ጨመሩበት?»

«ጠብታ ብለዋል። የእሳቸው ጠብታ ግን ማንኪያ ይሞላል።»

ሣቁን ዋጥ አደረገ። «መድኃኒቱ ውስጥ ስላደረ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። እንኳን ነገሩኝ» ብሎ ፈሳሹን ደፋና በሌላ ተካው። እርግጡ የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው አለኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ ውጤቱን ልወስድ ተመለስኩ። ወጣቱ ከሩቅ ለየኝ። «የጸበሏ እናት መጡ» አለ። ወንበር እስኪስብልኝ እንኳ ሳልጠብቅ ጠየቅሁት።

«ካንሰር አይደለም» አለኝ። «የአንገት እጢ ቲቢ ነው። ስድስት ወር ሳያቋርጡ ኪኒን ከዋጡ ይድናሉ። ቢላዋም አያስፈልግም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንዳየብኝ አላውቅም፣ «ሊያዩት ይፈልጋሉ?» አለኝ።

ማይክሮስኮፑ ላይ ስጎነበስ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ጥቂት ቆይቶ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ተገለጠልኝ። ነጥቦቹ አሉ፤ አንዳንዶቹ ክብ ሠርተው ተሰብስበዋል።

«እነዚያ የሚከላከሉት ህዋሳት ናቸው» አለ ከኋላዬ። «በሽታውን ከበው ይዘውት ነበር።»

እኛ አራት ወር ስንከራከር እነሱ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ዓይኔን ቶሎ አላነሣሁም።

ደጅ ወጥቼ ደወልኩ። «ቲቢ ነው፤ በኪኒን ይድናል። አንገትዎ አይቀደድም» አልኳቸው።

«ምሳ በልተሻል?» አሉኝ።

«አልበላሁም።»

«ግቢና ብዪ። ስልኩን አትዝጊው፣ እጠብቃለሁ።»

ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጬ በላሁ።