ቀዩና አረንጓዴው ሻሽ

ባለፈው እሁድ የአብሮ አደጌ የፎዚያ የመጨረሻ ልጅ ሲዳር እኔ ድስት ጠባቂ ሆኜ ዋልኩ። ጉልበቴን እያመመኝ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከድንኳኑ ጀርባ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጬ በስተቀኝ የክርስቲያኑን፣ በስተግራ የሙስሊሙን ድስት ስጠብቅ ነበር። ምግብ ለማቅረብ የተቀጠረው ልጅ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ማዘር፣ ገብተው ከሰው ጋር ይጫወቱ እንጂ። እኛ ወረቀት ጽፈን እንለጥፍበታለን» አለኝ።

«ልጄ፣ ወረቀት ይላቀቃል። እኔ ይህን ሥራ የያዝኩት አንተ ሳትወለድ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። እኔ ግን የምሬን ነበር። የተሾምኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ትልቁ መናፈሻ ውስጥ ነው። ደግሞ የተሾምኩት ሥራውን አበላሽቼ ነው፤ እንዲህ ያለ ሹመት ሌላ ቦታ አልሰማሁም።

ያኔ የምንኖረው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ በኩል፣ ከነፎዚያ ጋር በአንድ ግቢ ነበር። አባቴና የፎዚያ አባት ጋሽ ዩሱፍ ባቡር ጥገና ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። እናቴን የሺንና የፎዚያን እናት እትዬ ዘይነባን የሚለያቸው ሥጋ ብቻ ነው። እነሱ እኛ ያረድነውን አይበሉም፣ እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ከቤት ቤት ሲመላለስ ይውላል። እትዬ ዘይነባ ከእኛ ቤት ምንም ነገር ይምጣላት፣ ምን ገባበት ብላ ጠይቃ አታውቅም። ያመጣሁት እኔም ብሆን ተቀብላ ትበላለች።

ያን ጊዜ እሁድ ማለት የቀበሌ ስብሰባ ነው። አንድ ቀን ግን፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለት ሳምንቱ፣ ስብሰባ የሌለበት እሁድ ተገኘና አባቶቻችን «መናፈሻ እንውጣ» አሉ። ሁለቱም እናቶች ሩዝ በሥጋ ሠሩ። እናቴን ሩዝ በሥጋ ያስተማረቻት እትዬ ዘይነባ ናት፤ ቅርንፉዱም ቀረፋውም ልኩ አንድ ነው። ድስቶቹም ቢሆኑ በአንድ ቀን ከአንዲት ነጋዴ የተገዙ፣ ከጅቡቲ የመጡ፣ ክዳናቸው ላይ አበባ ያለባቸው ነበሩ። ስለዚህ እናቴ የእኛን በቀይ ሻሿ፣ እትዬ ዘይነባ የእነሱን በአረንጓዴ ሻሿ ጥብቅ አድርገው አሰሩ። ድስቶቹ በጋሪ እንዲሄዱ፣ እኔና ፎዚያ ጠባቂ እንድንሆን ተወሰነ። ወላጆቻችን በእግራቸው ቀደሙ።

እንግዲህ ሁለት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረዶች፣ ክፍት ጋሪ ላይ፣ በከዚራ ጥላማ መንገድ ሊያልፉ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ አብቦ መንገዱ ቀልቷል። የክፍላችን ወንዶች እሁድ እሁድ መናፈሻው በር ላይ እንደሚቆሙ እናውቃለን። የእኛ ራስ ባዶ ነው፣ ድስቶቹ ግን በሐር ሻሽ አጊጠዋል። መጀመሪያ እጇን የሰደደችው ፎዚያ ናት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ። ቀዩን ፈትቼ ራሴ ላይ ጣል አደረግኩት። ፎዚያም አረንጓዴውን ፈታች። አቤት ያማርነው ማማር።

ደረቁ ደቻቱ ስንደርስ ጋሪው የወንዙ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ባለጋሪው አስወረደን፣ ክብደቱ እንዲመጣጠን ብሎ ድስቶቹን ወዲያና ወዲህ አዛወራቸው፣ ፈረሱን እየገሰጸ አወጣው። እኛ አንዳችን የሌላችንን ሻሽ እያስተካከልን ስንሳሳቅ የትኛው ድስት ወዴት እንደዞረ ልብ አላልንም። መናፈሻው በር ላይ አባቴን ቆሞ ስናየው ጊዜ ደነገጥንና ሻሾቹን በጥድፊያ ከድስቶቹ ላይ መልሰን አሰርን። ከክፍላችን ወንዶች አንድም በሩ ላይ አልነበረም።

መናፈሻው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ሰሌን ተነጠፈ። ጋሽ ዩሱፍ ሽርጡን አሸርጦ ጋደም አለ። አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው፣ ሣሩን በእግሩ ጣቶች ይቆነጥጥ ጀመር። እንዲህ ተዝናንቶ አይቼው አላውቅም። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ አለ፣ ሐብሐብ አለ፣ ጊሽጣ አለ። ፎዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስታስሪ የናንተ በየት በኩል ነበር?»

«በቀኝ በኩል ያለው ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ከደቻቱ በፊት በቀኝ የነበረው የኛ ነው ብዬ ነው የማስበው። ባለጋሪው የት እንዳዞረው እንጃ» አለች።

ድስቶቹን ዞሬ አየሁ፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር የላቸውም። ፎዚያ እጄን ጨምቃ፣ «ወላሂ ከተናገርሽ አልቆልናል። አላወቅንም እኮ፣ ምናልባትም ትክክል አስረነዋል» አለችኝ። ልክ ናት፤ ትክክል አስረንም ሊሆን ይችላል። የአባቴም ቀበቶ ወገቡ ላይ አለ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እንደዚያ ልንስማማ ምንም አልቀረን።

እትዬ ዘይነባ አረንጓዴውን ሻሽ ፈታች። ድስቱን ከፈተች፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታይ፣ ከእናቴ ጋር እያወራች፣ ትልቁን ሥጋ ለባሏ ሰሃን ላይ አደረገች። ጋሽ ዩሱፍ ቢስሚላህ ብሎ እጁን ዘረጋ። ያ አለማየቷ ነው ያስጮኸኝ።

«አትብሉ። የማን የማን እንደሆነ አናውቅም» አልኩ።

የሆነውን ሁሉ እያለቀስኩ ተናገርኩ፤ ሻሹን መጀመሪያ የፈታሁት እኔ እንደሆንኩም አልደበቅኩም። ጋሽ ዩሱፍ እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። እናቴ ግን፣ «የራሴ እጅ ሥራማ አይጠፋኝም» ብላ ተነሳች። አንዱን ድስት አሸተተች፣ ሌላውን አሸተተች፣ ሥጋውን በማንኪያ ገለባበጠች፣ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

እትዬ ዘይነባ ይሄኔ ሳቋ አመለጣት። «አይ የሺ፣ በደንብ አስተምሬሻለሁ ማለት ነው።»

አባቴ፣ ነገሩ እንዲያልቅለት ፈልጎ፣ «ትንሽ ብንቀምሰውስ?» ቢል ሁሉም ዞር ብለው አዩት። ራሱም ያለው ገብቶት አቀረቀረ። ለባለጋሪው እንስጠው ተባለ። እሱ ደግሞ ፈረሱን እያጠጣ፣ «ያ ጀመዓ፣ እኔስ እስላም አይደለሁም እንዴ?» አለ። በመጨረሻ ሁለት ድስት ሙሉ ሩዝ በሥጋ፣ በዚያ ሥጋ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን፣ የመናፈሻው ዘበኛ ውሾች በሉት። እኛ ሙሸበክና ሐብሐብ በልተን ጠገብን። ፎዚያ አኩርፋኝ ነበር፤ ጊሽጣውን ፈልጬ ግማሹን ስሰጣት ተቀበለችኝ።

ወደ ቤት ልንመለስ ድስቶቹን ስንጭን እናቴ፣ «ሁለተኛ ይቺ ልጅ ድስት አጠገብ አትደርስም» አለች። ሐፍረቱ ሁሉ እኔ ላይ የተጫነ መሰለኝ።

«ተይ እንጂ» አለች እትዬ ዘይነባ። ቀዩን ሻሽ ከመሬት አንስታ አራገፈችና ራሴ ላይ አሰረችልኝ። «ከእንግዲህ ድስት የምትጠብቀው አልማዝ ናት። የማታውቀውን አላውቅም ያለች ልጅ፣ ይሄ የናንተ ነው ስትለኝ ዓይኔን ጨፍኜ እበላለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤት ሰርግ ቢሆን ለቅሶ ቢሆን ድስት የምጠብቀው እኔ ነኝ። እትዬ ዘይነባ እስክትሞት ድረስ ቃሏን አላጠፈችም። እኔም ብሆን አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም፤ ይህ ጉራ ከመሰለ ይምሰል።

እሁድ ዕለት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፎዚያ ከድንኳኑ ወጥታ መጣች። ልጅ ስትድር ውላ እህል አልቀመሰችም። ያ ወረቀት እንለጥፍ ያለው ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አጠገቤ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የሙሽሪት ዘመዶች ምን እንዳሏት እያወራችኝ ባዶ ሰሃኗን ወደ እኔ ዘረጋች። በስተግራ ያለውን ድስት ከፍቼ ጨለፍኩላት።

ቢስሚላህ ብላ በላች። ወደ ድስቱ አላየችም።