ምድር ቤቱን ያደረቅነው ለማን ነበር?

የክርስትና አባቴን ድሮ «እሳቸው» እያልኩ ነበር የምጠራው። አሁን አንደበቴ እምቢ ስላለኝ «እሱ» እላለሁ። ቅር የሚለው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይፍረድ።

ቤታችን መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። አባቴ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነበት ከታች ምድር ቤት አወጣና ከላይ መኖሪያችንን ሠራ። ምድር ቤት የሚባለው ለስሙ ነው እንጂ ቤት ሆኖ አያውቅም። ክረምት ሲገባ ከወለሉ ሥር ውሃ እየመነጨ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሞላል፤ በበጋ ደግሞ ሻጋታው ያፍናል። መውረጃው ከጓዳችን ውስጥ ስለነበር ከኛ በቀር የሚያየው ሰው የለም። የድንች ጆንያ እንኳ ልናስቀምጥበት አንደፍርም ነበር።

ያኔ ደርግ ትርፍ ቤት የተባለውን ሁሉ ወርሶ፣ የሚከራይ ክፍል በሙሉ በቀበሌ እጅ ነው። እኔ ደግሞ ሚስት ላገባ ነው! ልጅቷ የሀና ማርያም ልጅ ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። አባቷ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁት፤ ልጄን የት ነው የምታስቀምጧት ነው ያሉት። ላይኛው ቤት እናቴና እህቶቼ ተጨናንቀው የሚያድሩበት ነው። ቀበሌ ልመዝገብ ብል ተራዬ የሚደርሰው የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። እንግዲህ የቀረኝ ያ ውሃ የሚተኛበት ጉድ ብቻ ሆነ። እሱ ከደረቀ አገባለሁ፤ ካልደረቀ ቀረሁ።

የክርስትና አባቴ፣ አባቴ ሊሞት ሲል እጁን ይዞ «ልጆቼን አደራ» ያለው ሰው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ጠጋኝ ነበር፤ በቀበሌያችን ደግሞ የቤት ኮሚቴ ውስጥ ገብቷል። እናቴ ለአበልጇ ያላትን አክብሮት ምን ልበላችሁ፤ የዓመት በዓል ዶሮ እሱ ሳይመጣ አይነካም። ችግራችንን ስንነግረው ሳቀብን። ይቺን ታህል ውሃ ይዛችሁ ነው እንዴ የምትጨነቁት አለን።

እውነት ለመናገር ሥራውን ሠርቶታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ወለሉ ዝቅ የሚልበትን ጥግ ፈልጎ ጉድጓድ አስቆፈረኝ። ጎኑን በሚስማር የቀዳደድነውን በርሜል እዚያ ቀብረን ዙሪያውን ጠጠር ሞላነው። ከግድግዳው ሥር ሥር ቦይ አውጥተን የሚመነጨው ውሃ ሁሉ ወደ በርሜሉ እንዲሰበሰብ አደረግን። ከዚያ ፋብሪካው የጣለውን የውሃ መሳቢያ ሞተር ጠግኖ አመጣና፣ ተንሳፋፊ ኳስ ገጠመለት። ውሃው ከፍ ሲል ኳሷ ተነስታ ሞተሩን ታስነሳለች፤ ሲጎድል ወርዳ ታጠፋዋለች። ቱቦው ውሃውን ከግቢ አውጥቶ መንገድ ዳር ይደፋል። ታች እርጥበት ስላለ ያሰጋል ብሎ የሞተሩን ገመድ ወደ ላይ ሳበና ሳሎናችን ሶኬት ላይ ሰካው።

የነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ሁላችንም ደረጃው ላይ ተደርድረን ጠበቅን። ኳሷ ብድግ አለች፣ ሞተሩ አጉረመረመ፣ በርሜሉ ጭልጥ አለ። እናቴ እልል አለች። አባትህ ተነስቶ ይህን ቢያይ እያለች አበልጇን አገላብጣ ሳመችው። እኔም እንደ አባቴ ወደድኩት፤ ምን ልደብቃችሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ሙሽራ እንዴት በጓዳ አልፋ ወደ ጫጉላዋ ትወርዳለች፣ ነውር አይደለም ወይ አለ። እናቴ ነውር የሚለውን ቃል ከሰማች አለቀ! በዚያው ሳምንት በግቢው በኩል ግድግዳውን አፍርሰን በር አወጣን። በሩን ከነመቀርቀሪያው ያመጣው ራሱ ነው፤ የሠርግ ስጦታዬ ይሁን አለ። በጓዳ በኩል ያለውንም መውረጃ በድንጋይ ደፈንነው። ወለሉን ሲሚንቶ ገረፍኩት፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁት። ክፍሉ ወለል ብሎ ደስ አለኝ።

ላይ ቤት ስለጠበበን አልጋዬን ላውርድ አልኩ። እናቴ በፍጹም አለች፤ ጫጉላ ቤት ሙሽሮቹ አንድ ላይ እስኪገቡበት ድረስ ሰው አይተኛበትም፣ አንተም ብትሆን። ተከራከርኳት። በመጨረሻ ወደ አበልጇ ይግባኝ አልን። እሱም ረጋ ብሎ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ፈረደ።

«እናትህ ልክ ናት ልጄ። ባዶዋን ትቆይ።»

እሺ አልኩ። ቁልፉን እናቴ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት የቤት ኮሚቴው ግቢያችን ገባ። ሊቀ መንበሩ ከፊት፣ እሱ ሜትር ይዞ ከኋላ። እናቴ አበልጇን ስታይ ደስ ብሏት ወንበር ልታወጣ ሮጠች። እነሱ ግን ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ሄዱ፤ ክፈቱ አሉና ለኩት። ሜትሩን በአንደኛው ጫፍ የያዘው ማን ይመስላችኋል? ሊቀ መንበሩ ዞር ብሎ፣ ለብቻው በር ያለው፣ ሰው የማይኖርበት ክፍል ትርፍ ነው፤ ቀበሌው ተረክቦታል አለ። ጫጉላዬ ነው፣ በጥር ላገባበት ነው፣ ውሸት ከመሰላችሁ እሳቸውን ጠይቁ አልኩ። ሁሉም ወደሱ ዞሩ። ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«በሩ ለብቻው ነው» አለ። «የተኛበትም ሰው የለም።»

እናቴ ወንበሩን እንደያዘች በር ላይ ቆማለች። «አበልጄ፣ አደራውስ?» አለችው። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ብሎ አጠገቧ አልፎ ወጣ። ዓይኗን ግን አላየም።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚያም በኋላ ተገዶ ይሆናል እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስሰጥለት ነበር። ከገና በፊት ክፍሉ ለማን እንደተሰጠ አወቅን፤ ለገዛ ልጁ። ያም እንደኔው በጥር ሊያገባ ነው ለካ! እዚያ ጭቃ ውስጥ ሲርመጠመጥ፣ ጠጠር ሲያጋዘኝ፣ በር ሲያስወጣን፣ ባዶዋን ትቆይ ሲል፣ ለልጁ ቤት እየሠራ ነበር። የሀና ማርያሟ ልጅ አባት ቤት ለሌለው አልሰጥም ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ፤ ከፋሲካ በኋላ ለሌላ ዳሯት። እኔ በቀባሁት ኖራ ውስጥ የሌላ ሰው ሠርግ ተዘፈነ፤ ላይ ቤት ቁጭ ብለን ሰማነው።

ክረምት መጣ። አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ሞተሩ እግራችን ሥር አጉረመረመ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ገመዱ እኮ ሳሎናችን ውስጥ ነው የተሰካው። ብድግ ብዬ ነቀልኩት። ጸጥ አለ። ይጠጡት አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ አየችኝ።

«ስካው። የሚበሰብሰው የአባትህ ግድግዳ ነው።»

ቆሜ አሰብኩ። እውነቷን ነው። ውሃው ከሥር ከበላው ላይኛው ቤትም ይወርዳል፤ እህቶቼን የት አደርጋቸዋለሁ? መልሼ ሰካሁት። ሞተሩ ተነሳ። ለካ የክርስትና አባቴ ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ታች ተቀምጦ ኖሯል፤ መልሼ እንደሰካሁት ገብቶት ወደ ላይ ሲጮኽ ድምፁ ከወለላችን ሥር ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ተባረክ ልጄ!»

እናቴ ከልማዷ «አሜን» አለች። ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።