ከወገብ የታሰረ ገመድ

ልጅ ሳለሁ የሰማሁትንና ጎልምሼ ያየሁትን አንዳንድ ጊዜ አደባልቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ ወሩ ወይም የሰዉ ቁጥር ቢዛነፍ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማስታወሻ የመያዝ ልማድም አልነበረኝም። ስለ ገመዱ ግን አልሳሳትም።

ያኔ የምንኖረው መርካቶ፣ ጭድ ተራ ጀርባ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም አባባ ወልዴ በጉብዝናቸው ዘመን በየሰዉ ግቢ እየተጠሩ ዛፍ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ሲደክም አጣና ተራ ውስጥ የእንጨት ዘበኛ ሆኑ። አመሻሹ ላይ የሰፈር ልጆች ተሰብስበን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን። የተላጠ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ለቃቅመው ያነዱና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ዙሪያውን ያስቀምጡናል። ኩራዙን ከአጣናው ክምር አርቀው አሮጌ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር፤ እሳት ይፈሩ ነበርና። ተረት የሚጀምሩት ነበልባሉ ሞቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር ነው።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በአገሩ በትግል የሚጥለው የጠፋ አንድ ጉልበተኛ ነበር አሉ። ወንዝ ዳር ያለ ዛፍ ሊጥል ሄደና የገመዱን አንድ ጫፍ ዛፉ አናት ላይ አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ደግሞ «እጄ ቢደክም ወገቤ አይደክምም» ብሎ ወገቡ ላይ ቋጠረው። መጎተት ሲጀምር ዛፉ ጎንበስ አለና «አያ ጉልበቱ፣ አሁን አንተ ነህ ያሰርከኝ ወይስ እኔ ነኝ ያሰርኩህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ስቆ ጎተተ። ዛፉ ግን ወደ ኋላው፣ ወደ ወንዙ ማዶ ወደቀ። ከማዶ የተገኘው ግን የሰውየው ቀበቶ ብቻ ነው።

እኛ በቀበቶው እንስቅ ነበር። አባባ ወልዴ አይስቁም። ፍሙን እየቆሰቆሱ «ገመድ በእጅ ነው የሚያዝ። እጅ ይከፈታል» ይሉና ወደየቤታችን ይሰዱናል።

ካደግሁ በኋላ እኔም ሙያቸውን ያዝኩ። ሰበታም ሱሉልታም እየሄድኩ ዛፍ ጥያለሁ፤ ገጠር ውስጥ ግንዱ የሚጋደምበት ሜዳ አለው። መርካቶ ግን ጣሪያ ከጣሪያ የተደገፈበት ሰፈር ነው፤ ዛፉ የሚወድቅበትን ቦታ ለክተው ካላዘጋጁለት ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ እኔ የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኩቼ እሳት ሳላስጠፋ፣ ሰው ሳላስወጣ መጋዝ አላስነካም ነበር። ለዚህም የሰፈሩ ጎረምሶች «ጋሼ ቀስ በል» የሚል ስም አወጡልኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ከሶማሌ ተራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከሚገኝ ግቢ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ባልቴት ጠሩኝ። ግቢያቸው ውስጥ የደረቀ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ተከራዮቻቸው ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጉታል። የቀበሌውን ፈቃድ አውጥተው ጠብቀውኛል። ያለው ክፍት ቦታ በበሩ በኩል ያለው መተላለፊያ ብቻ ነው፤ ከዛፉ በስተኋላ ማዕድ ቤታቸው አለ። ባልደረባዬ ከድር ሥሩን በመጋዝ እንዲገዘግዝ፣ እኔ መጥረቢያዬን ይዤ ከገመዱ አጠገብ እንድቆም፣ ከእህል በረንዳ የመጡ አምስት ተሸካሚዎች ደግሞ ወደ መተላለፊያው እንዲጎትቱ ተነጋገርን።

ከአምስቱ ሁሉ ጠንካራው ከጎጃም የመጣ አንሙት የሚባል ወጣት ነበር። ገመዱን ከማስያዜ በፊት የእያንዳንዳቸውን ወገብ ተራ በተራ አየሁ።

«ጋሼ፣ ሊድሩን ነው እንዴ እንዲህ የሚያገላብጡን?» አለ አንሙት። ሌሎቹ ሳቁ።

«በእጅ ብቻ ነው የሚያዘው። ልቀቁ ስል ትለቃላችሁ» አልኩ።

«እኔ ኩንታል ተሸክሜ ፎቅ የምወጣ ሰው ነኝ። ይሄን የደረቀ እንጨት እለቃለሁ?»

«ትለቃለህ!»

«እሺ ጋሼ ቀስ በል፣ እለቃለሁ።»

ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን እንደ ካባ ደረቡ፤ እኔ የመጨረሻዎቹን ሁለት በሮች ላንኳኳ ሄድኩ። ስመለስ ከድር ሳይጠብቀኝ ዛፉን ከግማሽ በላይ ገዝግዞት ነበር። ገመዱ ተወጥሯል፣ ሰዎቹ «ሆ!» እያሉ ይጎትታሉ። በዚህ መሃል ከበሩ በኩል ድንገተኛ ንፋስ መጣ፤ ዛፉ አንድ ጊዜ ጮኸና ወደ ማዕድ ቤቱ ተንጋለለ። አምስቱም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተሳቡ። ከሁሉ ፊት ይጎትት የነበረው የአንሙት ጆንያ በንፋሱ ሲገለጥ ገመዱ ወገቡ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ከሆዱ ላይ ተቋጥሮ አየሁ። ተንኮል አልነበረም። ሸክሙን ከአካሉ ጋር ካላሰረ የያዘው የማይመስለው ሰው ስለሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ነው የሠራው።

ልቀቁ ብል አራቱ ይለቃሉ፤ እሱ ከነዛፉ ብቻውን ይቀራል። ያዙ ብል ምናልባት ንፋሱ ያልፍ ይሆናል። ለማሰብ የነበረኝ ጊዜ ይህን ከጻፍኩበት ያንሳል። ከአንሙት ፊት ያለውን ገመድ በመጥረቢያ መታሁት፤ በሁለተኛው ተበጠሰ። አምስቱም በጀርባቸው ወደቁ፣ ዛፉም ማዕድ ቤቱን ከነቆርቆሮው ከመሬት አጣበቀው።

ውስጡ ማንም አልነበረም። ሰው ማስወጣቴን ባውቅም ከፍርስራሹ ሥር ድምፅ እየፈለግሁ ብዙ ቆየሁ።

እትዬ ብርቄ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «አንተ ሰውዬ፣ ዛፉን ከቤቴ አርቅልኝ አልኩህ እንጂ ቤቴ ላይ አስተኛልኝ አልኩህ?»

አንሙት የተበጠሰው ገመድ ከሆዱ ላይ እየተንጠለጠለ ተነሣ። «ይዘነው ነበር እኮ! እርስዎ ፈሩ፣ ጋሼ። ፈርተው ነው የቆረጡት!»

ቋጠሮውን ልፈታለት ተጠጋሁ። ቋጠሮው በእጅ አልፈታ ስላለ ከድር በቢላዋ ቆረጠለት። ወጣቱም ጆንያውን አንሥቶ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወጣ።

ማዕድ ቤቱን እኔና ከድር መልሰን ሠራነው። ሰፈሩ ግን ስሜን ለወጠው፤ «ገመድ ቆራጩ» ተባልኩ፣ ሥራም ለብዙ ጊዜ ራቀኝ። እኔን ያስጨነቀኝ እሱ አይደለም። ይዘውት ቢሆንስ? ንፋሱ እኮ ወዲያው አልፏል። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አላውቅም፤ አንድ ቀን ልክ ነበርኩ እላለሁ፣ በማግስቱ ፈሪ ነበርኩ እላለሁ። ከአባባ ወልዴ ፍም ዳር ይዤው የሄድኩት ነገር ጥበብ ይሁን ፍርሃት፣ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ፣ እስከ አሁን በእርግጠኝነት አልለየሁም።

የአንሙትን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ እህል በረንዳ ነው። ጤፍ ይዞ ከጎጃም የመጣ አንድ ገበሬ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ ሰው ያስቃል። በአገራቸው አንሙት የሚባል ሰው አለ፣ አዲስ አበባ ሳለ ስላጋጠመው ፈሪ ዛፍ ቆራጭ ሲያወራ ሰው ሆዱን ይይዛል አለ። ሰውየው ዛፉ «እህ» ቢል ገመዱን በጥሶ፣ የባልቴቷን ቤት አፍርሶ፣ እንደ ጥንቸል ሲንቀጠቀጥ!

«ለማን ነው የሚያወራው?» አልኩት።

«ለልጆቹ ነዋ። ማታ ማታ አውራልን እያሉ አላስቀምጥ ይሉታል።»

«ልጆች አሉት?»

«አራት። አምስተኛውም በሆድ አለ።»

ሰዉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰውየው እኔ ነኝ አላልኩትም። ተረታቸውን እንዳላበላሽባቸው ፈራሁ።